ለሙሽራው መኪና የሚሆን ቤንዚን

የአክስቴ ልጅ ለታናሽ ወንድሜ ሰርግ ከአዲስ አበባ ያመጣት የስፖርት መኪና ቆቦ የገባችው እያንኳኳች ነው። ከዋናው አስፋልት ታጥፋ ወደ ሰፈራችን የምታስገባውን ትንሽ ዳገት ስትወጣ ድምጿን ደጃፍ ላይ ቆሜ ሰማሁት። ቆርቆሮ ውስጥ ጠጠር ጨምረው የሚያንቀጫቅጩት ይመስላል። ዳገቱን ጨርሳ ሜዳው ላይ ስትደርስ ድምጹ ጠፋ።

እኔ የአይሱዙ ሹፌር ነኝ። ከቆቦ ሜዳ ሽንኩርትና ማሽላ ጭኜ ወደ ደሴ፣ ገበያው ሲመቸኝም ከዚያ አልፌ እሄዳለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የነዳሁት ናፍጣ ነው። ቤንዚን ለኔ የባጃጅ ነገር ነበር። የአክስቴ ልጅ ደግሞ አዲስ አበባ የሚነግድ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ በመኪና ፍቅር የተለከፈ ሰው ነው። ወንድሜ ሊያገባ መሆኑን የሰማ ዕለት ደውሎ፣ «ሙሽራውን የምወስደው እኔ ነኝ፤ ሌላ መኪና እንዳታስቡ» ብሎን ነበር።

ያችን ሰማያዊ መኪና ሳያት ከመሬት የተጣበቀች መሰለችኝ። እሱ ከውስጧ ሲወጣ ከጉድጓድ የሚወጣ ሰው ይመስል ነበር። ሰላምታ እንኳ በቅጡ ሳንለዋወጥ ኮፈኗን ከፈተ።

«ሞተሯ አለቀላት» አለኝ።

«አብሽር፣ መጀመሪያ ውሃ ጠጣ። መቼ ነው የጀመራት?»

«መንገድ ላይ ነዳጅ ከቀዳሁ በኋላ ነው። ማደያው ሰልፉ አይቀመስም። መንገድ ዳር በላስቲክ ጠርሙስ ከሚሸጡት ቀዳሁ።»

ከዚያ የነዳጅ መቅጃዋን ክዳን ከፍቶ አሳየኝ። ከውስጥ በኩል ትንሽ ወረቀት ተለጥፏል፤ ዘጠና ስምንት የሚል ቁጥር አለው።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኩት።

«ኦክቴን ነው። የነዳጁ ጉልበት። ቁጥሩ ከፍ ሲል ጉልበቱም ከፍ ይላል።»

«አንተ የቀዳኸውስ ስንት ነበር?»

«እኔ ምን አውቄ! ጠርሙስ ላይ ቁጥር ይጻፋል እንዴ?»

ባለቤቴ እዚሁ ቆቦ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ታስተምራለች። በረንዳው ላይ ተቀምጣ የተማሪዎቿን ፈተና እያረመች ነበር። ኦክቴን የሚለውን ቃል ስትሰማ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ወደኛ መጣች።

«ጉልበት አይደለም» አለች።

«ምኑ?» አላት የአክስቴ ልጅ።

«ኦክቴን። ጉልበት አይደለም፤ ችሎ መቆየት ነው። ደግሞ አሁን ዳገቱ ላይ የሰማሁት ድምጽ እሱ ከሆነ፣ እባክህ አስነሳልኝ። ይሄን ነገር ስንት ዓመት ሰሌዳ ላይ ጻፍኩት፤ በጆሮዬ ግን ሰምቼው አላውቅም።»

ሞተሩን አስነሳላት። መኪናዋ ቆማ ስለነበር ምንም አላንኳኳችም፤ እንደ ድመት ብቻ ታንኮራፋለች። ባለቤቴ ኮፈኑ ላይ ጎንበስ ብላ ቆየችና ቅር ብሏት ቀና አለች።

እኔም በበኩሌ አንድ ነገር ከንክኖኛል። የኔ አይሱዙ ከጠዋት እስከ ማታ ስታንኳኳ ትውላለች፤ ማንም ታመመች ብሎ አያውቅም። የዚችኛዋ ማንኳኳት ለምን በሽታ ሆነ? ይህንኑ ጠየቅኳት። ባለቤቴ ጥያቄ ደስ ይላታል፤ ፊቷ ሲበራ አየሁት።

«ያንተ መኪና ካንዴላ አላት?»

«ናፍጣ ምን ካንዴላ ይፈልጋል?»

«ስለዚህ እሳቱን ማን ይለኩሳል?»

«ፒስተኑ አየሩን ሲጨምቀው ይግላል፤ ናፍጣው ሲረጭበት ራሱ ይቀጣጠላል።»

«አዎ! ናፍጣ ቶሎ ራሱን ሲያቀጣጥል ነው ጥሩ የሚባለው። ቤንዚን ግን ተገላቢጦሽ ነው። ተጨምቆም፣ ግሎም ካንዴላው እሳት እስኪሰጠው ድረስ ችሎ መቆየት አለበት። ካልቻለ ከዳር በኩል በራሱ ጊዜ ይፈነዳል። ያ ነው የሚያንኳኳው። ይቺ ደግሞ ቱርቦ አላት፤ አየሩን ከሌላው መኪና አብልጣ ነው የምትጨምቀው። ስለዚህ የበለጠ የሚችል ቤንዚን ትፈልጋለች። ዘጠና ስምንት የተባለው ለዚህ ነው።»

ያን ሁሉ ዓመት በናፍጣ ስነዳ፣ ቤንዚን የናፍጣ ታናሽ ወንድም ይመስለኝ ነበር። ለካ ጠባያቸው ጭራሽ አይገናኝም። «ታዲያ ዘጠና ስምንቱን ባጃጅ ውስጥ ብንጨምረው አይበርም?» አልኳት።

«ወላሂ፣ አንዲት ስንዝር አይጨምርም። የማይፈልገውን ነገር ነው የምትሰጠው።»

የአክስቴ ልጅ ኮፈኗን ዘግቶ፣ «እሺ፣ ትምህርቱን ተዉትና ከየት እናምጣው?» አለ።

ሦስታችን ተያይዘን ወደ ማደያው ሄድን። የምትቀዳው ሴት ታውቀኛለች፤ ሁልጊዜ በናፍጣው ወረፋ ነው የምታየኝ። በቤንዚን በኩል ስመጣ ገርሟት ሳቀች።

«ስንት ኦክቴን ነው ያላችሁ?» አላት የአክስቴ ልጅ።

«እኛ ጋ ቤንዚን ቤንዚን ነው፤ ቁጥር የለውም። ያው አንዱ የመቅጃ ጎማ ይኸውልህ።»

«ከፍ ያለው የት ይገኛል?»

«ከፍ ያለውንማ እኔም አይቼው አላውቅም» አለችና ፈገግ አለች። «ስታገኙት ለኔም አሳዩኝ።»

ከዚያ ወጥተን መለዋወጫ ሱቅ ገባን። የአክስቴ ልጅ ኦክቴን የሚጨምር መድኃኒት አለ መባሉን ሰምቷል። ባለሱቁ አንዲት ትንሽ ጠርሙስ አወጣልን፤ ላይዋ ላይ የእሽቅድምድም መኪና ተስሎባታል። የአክስቴ ልጅ ሥዕሉን አይቶ ሊገዛት ሲል ባለቤቴ ተቀብላ ከጀርባ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አነበበችና፣ «ይሄ የኢንጄክተር፣ የነዳጅ መርጫው ማጽጃ ነው፤ ስለ ኦክቴን አንድ ቃል አይልም» ብላ መለሰችለት። ባለሱቁም፣ «እኔም ለሥዕሉ ነው የምሸጠው» ብሎ አሳቀን።

ቤት ስንመለስ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ሹፌር ነዳጅ ሲጠራጠር መዳፉ ላይ አሽቶ ያሸታል። ከመኪናዋ ትንሽ ቀድተን መዳፌ ላይ አፈሰስኩት። ንጹሕ ቤንዚን እጅ ላይ ቀዝቀዝ ይልና ወዲያው ይጠፋል። ይሄኛው አልጠፋ አለ፤ ሳሸው ያንሸራትታል። ሽታው ደግሞ የድሮ ፋኖስ ነው።

«ላምባ አለበት» አልኩ።

ባለቤቴ እጄን ይዛ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። «ነጭ ጋዝ! ነጭ ጋዝ እኮ ፈጽሞ አይችልም። ትንሹም ቢሆን የቤንዚኑን ኦክቴን ያወርደዋል።»

የአክስቴ ልጅ ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጫነ። ቢሆንም፣ በሽታው ከሞተሩ ሳይሆን ከነዳጁ መሆኑን ሲያውቅ ትንሽ እንደቀለለው ከትከሻው ያስታውቅ ነበር። የሰፈራችን መካኒክ የኋላውን መቀመጫ አንስቶ፣ ፓምፑን ፈትቶ በሰልባትዮዋ፣ በነዳጅ ማጠራቀሚያዋ፣ የነበረውን በሙሉ ገለበጠው። እሱም የሞተር ዕቃ ማጠቢያ ይሆነኛል ብሎ ወሰደው። እኛ ከማደያው አዲስ ሞላን።

ፍተሻው የባለቤቴ ሐሳብ ነበር። «ዝም ብለን ሙሽራ አንጭንባትም፤ መጀመሪያ እንስማት» አለች። የአክስቴ ልጅ ቁልፉን ለኔ ሰጠኝ። «ጋሼ፣ አንተ ንዳ። እኔ ስታንኳኳ መስማት አልፈልግም» ብሎ ደጅ ቀረ። እኔና ባለቤቴ በማግስቱ በቀትር ወደ ሮቢት መንገድ ወጣን።

እንደዚያ ዓይነት መኪና ውስጥ ተቀምጬ አላውቅም። ከአይሱዙ ላይ ሆኜ የማሽላውን ማሳ ከላይ ነበር የማየው፤ አሁን አገዳው ከላዬ ሆነ። የዞብል ተራራ ራሱ ከፍ ያለ መሰለኝ። መንገዱ ጭር ሲል በአራተኛ ማርሽ ቀስ ብዬ እየሄድኩ ነዳጁን ወለሉ ድረስ ረገጥኩት። ጀርባችን ወንበሩ ላይ ተጣበቀ። በመሃሉ፣ ያ የጠጠር ድምጽ! እንደ በፊቱ አይደለም፤ አነስ ያለ፣ አጠር ያለ።

«እሱ ነው?» ብላ ባለቤቴ ጮኸች።

«እሱ ነው!»

«ድገመው!»

ደገምኩት። የፈራሁት ለባለቤቴ ነበር፤ እሷ ግን ጆሮዋን ወደ ዳሽቦርዱ አስጠግታ ዓይኗን ጨፍናለች። በሦስተኛ ማርሽ ሞከርን፤ ሞተሩ ቀለል ብሎት ድምጹ ቀረ። እግሬን ገታ አድርጌ በአራተኛም ሞከርን፤ ምንም የለም። ከዚያ ማሳው ዳር ቆመን ጥላ ስር አረፍን። ያ የራያ ሙቀት አስፋልቱን እንደ ውሃ ያስመስለዋል።

«ሙቀቱም አለበት» አለች። «የሚገባው አየር ገና ሳይጨመቅ ግሏል። አመሻሽ ላይ ብንሞክረውስ?»

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ተመልሰን ወጣን። ነፋሱ ቀዝቀዝ ብሏል። በአራተኛ ማርሽ እንደ ቀትሩ ረገጥኩት፤ አንዴ ብቻ እንደ ጠጠር አንኳክታ ተወችው። ባለቤቴ፣ «አየህ!» ብላ ጉልበቴን መታችኝ። ከተጋባን ጀምሮ አንድ ላይ ብዙ መንገድ ሄደናል፤ በእንደዚህ ያለ ነገር አንድ ላይ የተደሰትንበት ቀን ግን ትዝ አይለኝም።

ማታ የአክስቴ ልጅ አዲስ አበባ ላለው መካኒኩ ደወለና ድምጹን ለሁላችንም ከፈተልን። መካኒኩ የነገርነውን ሰምቶ፣ «መኪናዋ ራሷ ጆሮ አላት፤ ሴንሰር ይባላል» አለን። «ማንኳኳቱን ስትሰማ የካንዴላዋን እሳት ታዘገየዋለች። ጉልበት ይቀንስባታል እንጂ ራሷን ታድናለች። ላምባ የተቀላቀለበትን ግን እሷም አልቻለችውም። አሁን በያዛችሁት ቤንዚን በቀስታ ንዱ፤ አትርገጧት፤ ማርሽ ዝቅ አድርጉላት።»

«ሞተሩም ይሰማል ማለት ነው?» አለች ባለቤቴ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላም፣ «ሱብሃነላህ፣ ጆሮ አላት!» እያለች ነበር።

ቀሪው ችግር ወንድሜ ነበር። ሙሽራዋ የጎብዬ ልጅ ናት፤ ወንድሜ በጎብዬ ገበያ መሃል መኪናዋን አስጩሆ ማለፍ ካሰበ ቆይቷል። ለጓደኞቹም ነግሯቸዋል። በቀስታ እንደምንሄድ ስነግረው ፊቱ ተለወጠ።

«በቀስታ ከሆነማ በግመል አልሄድም?»

«ለግመልም ቢሆን ቤንዚኑን መርጠህ ነው» አልኩት። አልሳቀም።

በሰርጉ ቀን ሙቀቱ ሳይበረታ በማለዳ ተነሳን። መሪው እኔ ጋ ነው፤ ወንድሜ ከጎኔ ነጭ ለብሶ ተቀምጧል፤ የአክስቴ ልጅ ከኋላ ጉልበቱን አገጩ ሥር አጥፎ ተጣብቋል። ሚዜዎቹ በሚኒባስ፣ ሌላው አጃቢ በባጃጅ ይከተሉናል። ሮቢትን ሳናልፍ ሚኒባሱ ጥሩንባውን እየነፋ ቀደመን። ቀጥሎ አንድ ባጃጅ ቀደመን፤ ከኋላው የተቀመጡት ልጃገረዶች እልል እያሉ እጃቸውን አወዛወዙልን።

«ባጃጅ ቀደመን!» አለ ወንድሜ። «በአላህ፣ ትንሽ ርገጣት!»

ከኋላ የአክስቴ ልጅ፣ «ሞተሯን እኔ ነኝ የምቀብረው፣ ዝም በል» አለው።

ወንድሜ አኩርፎ ወደ መስኮቱ ዞረ። ቀስ እያልን ስንሄድ ግን መንገድ ዳር ያሉት ሰዎች ለማየት ጊዜ አገኙ። ከማሳቸው የወጡ ገበሬዎች በትራቸውን ተደግፈው ቆሙ። ግመሎቻቸውን የሚነዱ አፋሮች አስፋልቱን ለቀውልን ዞረው አዩን። አንድ ሽማግሌ በመስኮቱ በኩል ዝቅ ብለው ወንድሜን አዩትና፣ «ሙሽራ፣ አላህ ያድምቅህ!» አሉት። ሮጠን ቢሆን ኖሮ አቧራችንን ብቻ ነበር የሚያዩት። ከዚያ በኋላ ወንድሜ መስኮቱን ጭራሽ አወረደውና እጁን አውጥቶ ሰላምታ መስጠት ጀመረ። ጎብዬ ስንደርስ ገበያው መሃል፣ «ጋሼ፣ ከዚህም ቀስ በል» አለኝ።

የሙሽራዋ አባት በር ላይ ተቀበሉን። ለመንገዱ አመሰገኑን፤ «እንዲህ በእርጋታ መምጣት የትልቅ ሰው ልጅ ወግ ነው» አሉ። እኔና የአክስቴ ልጅ ተያየን፤ ስለ ላምባው ማናችንም አልተናገርንም። ኒካሁም በሰላም ታሰረ፣ አልሀምዱሊላህ።

የአክስቴ ልጅ ሰርጉ ካለፈ በኋላ እሱም በማለዳ ተነስቶ ሄደ። ሰልባትዮውን ከማደያው ሞልቶ፣ ከመንገድ ዳር ጠርሙስ ላይቀዳ ምሎ። ሲደርስ ደውሎ ዳገቱን ሁሉ በዝቅተኛ ማርሽ እንደወጣና አንዴም እንዳላንኳኳች ነገረን። ዘጠና ስምንቱን እስካሁን ይፈልጋል፤ ያገኘው ግን አይመስለኝም።

ባለቤቴ ግን ከዚያ ወዲህ ጆሮዋ ሌላ ሆኗል። አብረን ወደ ገበያ ስንሄድ ሰው የሞላ ባጃጅ ዳገት ሲይዝ መንገድ መሃል ትቆማለች፤ ክንዴን ይዛ፣ «ይሄስ? እሱ ነው?» ትለኛለች። አብዛኛውን ጊዜ አይደለም፤ የላላ ማርሚታ፣ የጭስ ማውጫው ነው። አልፎ አልፎ ግን እሱ ራሱ ይሆናል፤ ያኔ ሁለታችንም ባጃጁ እስኪርቅ ድረስ ቆመን እንሰማለን።