የሙሽራዋ ሆድ

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት... ዓለም ከተማ የምሠራበት መድኃኒት ቤት ቆሜ ሳለ እማዬ ደወለች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው የምታወራው። እማዬ ድምጿን ዝቅ ካደረገች ወይ ሰው ሞቷል፣ ወይ ሰው ሊታማ ነው።

«እህትሽን ዛሬም አስመለሳት። ገንፎውን ገና ስታየው!»

«ብርድ ይሆናላ እማዬ።»

«የምን ብርድ! ሰሞኑን ሁሉ አትበላም። ጾም ነው እንዳልል ሐሙስ ነው። ይቺ ልጅ... ሆዷ ውስጥ የሆነ ነገር አለ።»

ክው አልኩ። ታናሽ እህቴ ማኅደር ልታገባ ነው። ለዚያውም ዲያቆን! በተክሊል! ለማታውቁ... ዲያቆን ለቅስና የሚበቃው ድንግል አግብቶ ሲቆርብ ነው። እህቴ አርግዛ ከሆነ ሠርጉ ብቻ ሳይሆን የልጁ ክህነትም ገደል ገባ ማለት ነው።

የእርግዝና መመርመሪያ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ከነፍኩ። መንገድ ላይ ሰላም ያለኝን ወንድ ሁሉ «አንተ ትሆን?» እያልኩ በዓይኔ ስመረምር ነው የሄድኩት።

ቤት ስደርስ ማኅደር አልጋዋ ላይ ኩርምት ብላለች፣ ፊቷ ገርጥቷል። እማዬ ገንፎውን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። መሀሉ ላይ ያለው ቅቤ ረግቷል።

መመርመሪያውን ሳሳያት መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥላ አለቀሰች።

«እኔን ነው?! አንቺም?»

አንጀቴን በላችው። ግን «ተመርመሪ» አልኳት። መድኃኒት ቤት የሚሠራ ሰው መጠርጠር እንጀራው ነው፣ ምን ላድርግ!

ተመረመረች። አንድ መስመር።

«አንድ ማለት?» አለች እማዬ ትንፋሿን ይዛ።

«የለም ማለት።»

እልልታዋን አቀለጠችው! ጎረቤቱ ሠርጉ ዛሬ ነው እንዴ ሳይል አልቀረም።

እኔን ግን አልቀለለኝም። ካላረገዘች ምን ያስመልሳታል? ቆጣ ብዬ ስይዛት ተነሥታ ፍሪጁን ከፈተች። ከቅቤው ጣሳ ኋላ በካልሲ የተጠቀለለች ትንሽ ብልቃጥ አወጣች። ላይዋ ላይ አንዲት ፊደል የለም።

«ክብደት መቀነሻ ነው። ቀሚሱ አልዘጋ ብሎኝ... ቴሌግራም ላይ ገዛሁ። ሦስት ሆርሞን በአንድ መርፌ።»

ከዚያ ሻጩ የነገራትን ታነበንብልኝ ጀመር። አንዱ አንጎልን «ጠግበሻል» ይለዋል፣ ጨጓራም ምግቡን ቶሎ እንዳይለቅ ያዘገየዋል። ሁለተኛው ኢንሱሊን በደንብ እንዲሠራ ያግዛል፣ የመጀመሪያውንም ያበረታል። ሦስተኛው ሰውነት የተጠራቀመውን ስብ እንዲያቃጥል ጉበትን ይቀሰቅሳል።

የገረመኝ ምን መሰላችሁ... ይኼ ውሸት አይደለም። እንዲህ ዓይነት መድኃኒት እየተሞከረ መሆኑን እኔም አውቃለሁ። ግን ሐኪም እየተከታተለ፣ ደም እየታየ፣ መጠኑ ከትንሽ ተጀምሮ ቀስ እየተባለ ነው። በካልሲ ተጠቅልሎ አይደለም!

«ገና እየተሞከረ ያለ ነገር አንቺ ጋ እንዴት ደረሰ?»

«በአውቶቡስ።»

ወይ ጉድ! «ስንት ነው የምትወጊው?»

«ሲሪንጁ ላይ እስከ ግማሽ።»

«የምኑ ግማሽ?»

በሁለት ጣቷ ለክታ አሳየችኝ።

«የት ነው የምትወጊው?»

«ሆዴ ላይ... እምብርቴ አጠገብ።»

«ስሙስ ማን ይባላል?»

«ገና ስም አልወጣለትም አለኝ።»

እማዬ ከኋላችን «እሰይ! መርፌ ከሆነማ ምን አለበት!» ብላ ገንፎውን ልታሞቅ ሄደች።

ብልቃጧን ነጥቄ ማኅደርን እየጎተትኩ ሐኪም ጋ ወሰድኳት። እሱም የጠየቃት ያንኑ ነው፤ «ምንድን ነው የወሰድሽው?» እህቴ እኔን አየች፣ እኔ ብልቃጧን አየሁ። ደሟን ሰጥታ ውጤት እየጠበቅን ነው፣ እኔም ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

እማዬ «ልጄን በከንቱ ጠረጠርኳት» ብላ ንስሐ ልትገባ ነው። እኔ ግን ተዪ አልኳት... እህቴ ሆድ ውስጥ እውነትም ስም ያልወጣለት ነገር አለ።