የገለፈት ሳል ነው ብዬ የመለስኩት እኔ ነኝ

እናቴ ማሳል የጀመረችው ኅዳር ውስጥ ነው፤ የቡና ለቀማው ሥራ በተጀመረ በሦስተኛው ሳምንት። ደረቅ ሳል ነበር። ማለዳ ይብስባታል፣ ረፋዱ ላይ ይተዋታል። እሷም እኔም ልብ አላልነውም። እኛ ዘንድ በዚያ ወቅት የማይስል ሰው የለማ!

ሁለታችንም የምንሠራው ጅማ ከተማ በአንድ የቡና መጋዘን ነው። እናቴ በሥራው ላይ ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ትንሽ ነበር የቀራት፣ እኔ ከገባሁ ገና ስምንት ዓመቴ። ከሰቃና ከደዶ የመጣው ቡና ተፈልፍሎ ይቀርብልናል፤ በረድፍ ተቀምጠን የተበላሸውን ፍሬ ከደህናው እንለያለን። የገለፈቱ ብናኝ አፍንጫና ጉሮሮ ይሞላል። ስለዚህ ሁላችንም እንስላለን፤ ስሙንም «የገለፈት ሳል» ብለነዋል። ክረምት ገብቶ መጋዘኑ ሲዘጋ ሳሉም ይተወናል። ለገለፈት ሳል ሐኪም ቤት የሄደች ሴት ብትኖር ይሳቅባታል።

እናቴን አያልነሽ ነው የሚሏት። አባቴ ሲሞት ሦስት ልጆች ይዛ ቀረች፤ ሦስታችንንም ፍሬ እየለቀመች አሳደገችን። ቤተ ክርስቲያን ሳትሳለም ሥራ አትገባም። ረቡዕና ዓርብን ስትገድፍ አይቻት አላውቅም። አጠገቧ የምትቀመጠው ዘሃራ የምትባል የጅማ ተወላጅ፣ ሙስሊም ጓደኛዋ ነበረች። በማርያም ቀን ዘሃራ የእናቴን ድርሻ ጨምራ ትለቅማለች፤ በኢድ ቀን ደግሞ እናቴ የዘሃራን። ይህ ደንባቸው አንድ ዓመት እንኳ ተጓድሎ አያውቅም።

ጥር ላይ ጉልበቷን አመማትና ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሐኪሙ ጉልበቷን አይቶ ሲጨርስ ሳሉ ያዛት። ቀና ብሎ አያት።

«እማማ፣ ሳሉ ከጀመረዎት ስንት ጊዜ ሆነ?»

እናቴ ልትመልስ ስትል እኔ ቀደምኩ።

«የገለፈት ሳል ነው ዶክተር። ቡና ለቃሚ ናት፤ ክረምት ሲገባ ይተዋታል።»

ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው! እንደ አዋቂ ኮራ ብዬ ነው የተናገርኩት። ሰልፉ እስከ ደጅ ነበር፤ ሐኪሙ ለጉልበቷ ማስታገሻ ጽፎ ሸኘን።

ሁዳዴ ገባ። ከሳች። «ጾሙ ነው፣ ፋሲካ ሲመጣ ታገግማለች» አልኩ። ኢድ ሲደርስ የዘሃራን ድርሻ ልለቅምላት ብላት እምቢ አለችኝ፤ እያሳለች የሁለት ሰው ለቀመች። በማግስቱ ዘሃራ መጥታ ክንዷን ያዘቻት። «ማሎ፣ እባክሽ አያልነሽ፣ ተመርመሪ! ወላሂ ልብስሽ ሰፍቶሻል» አለቻት። ካቦውን አንድ ቀን እንዲፈቅድልን ብጠይቀው፣ «ሁሉም ይስላል፤ እሷን ምን ለየት አደረጋት?» ብሎኝ አለፈ። ሰደብኩት በሆዴ። በምን አፌ? ጥር ላይ እኔም ያልኩት ያንኑ ነው።

ፋሲካ መጣ። ከዶሮው ሁለት ጉርሻ ቀምሳ ተወችው። ላብ ያጠምቃት ጀመር። ግንቦት ላይ መሐረቧ ላይ ደም አየሁ።

ሐኪም ቤት አክታዋን ጂን ኤክስፐርት በሚባለው መሣሪያ መረመሩት። ራጅ አነሷት። ሌላ ሐኪም ነበር፣ ዕድሜው ገፋ ያለ።

«የሳንባ ቲቢ ነው። ሁለቱም ሳንባ ክፉኛ ተጎድቷል። ዘግይታችኋል» አለ። ቀጥሎ፣ «ቤት ውስጥ ሕፃን አለ?» ብሎ ጠየቀ።

ልጄ ሰላም ስድስት ዓመቷ ነው። ጡት ከጣለች ጀምሮ የምትተኛው ከአያቷ ጎን ነው። ትምህርት ቤቱ ታየኝ፤ ልጆቻቸውን ከእሷ የሚሰበስቡት ጎረቤቶች ታዩኝ። «የለም» ልል ነበር።

አሁን ግን እናቴ ቀደመችኝ።

«አለች፣ የልጅ ልጄ። ስድስት ዓመቷ ነው፣ ጎኔ ነው የምትተኛው። ይህችም ልጄ አብራኝ ነው የምትሠራ። ዘሃራ የምትባል ጓደኛም አለችኝ፣ ረድፋችን ላይ ሌሎችም አሉ። ሁሉንም መርምሩልኝ።»

መንገድ ላይ ተቆጣኋት። ይታያችሁ፣ ያቺን መቆም ያቃታትን ሴት! «አዋረድሽን እኮ እማዬ!» አልኳት። ግድግዳ ተደግፋ ትንፋሿን ከሰበሰበች በኋላ፣ «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም። ዝም ብዬ ስንቱን ልጨርስ?» አለችኝ።

ተመረመርን። እኔ ነጻ ወጣሁ፤ ዘሃራም። ከኋላችን የምትቀመጥ አንዲት ሴት ተገኘባት። ሰላምም ተገኘባት። አትስልም ነበር። አንገቷ ሥር ያበጠውን ጥርስ እየለወጠች ስለሆነ ነው ብዬ ትቼው ነበር። መቼም እኔ ለሁሉም መልስ አላጣም።

እናቴ መድኃኒቷን አንድ ቀን አላጓደለችም። ሳንባዋ ግን አልቆ ነበር። ኦክስጅን አደረጉላት። በአምስተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ ሞተች። እጇን ይዤ ነበር።

ለቅሶ ላይ «እግዜር ያለው ነው፣ ምን ይደረግ» እያሉ አጽናኑኝ። እግዜርማ ጥር ላይ ሐኪም ፊት አስቀምጧት ነበር።

ሰላም ስድስት ወር መድኃኒት ወሰደች። ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ክኒን ነው፤ መጀመሪያ ላይ ከእኔ እጅ አልጠጣም ብላ ስታስቸግር ዘሃራ በየማለዳው ሥራ ከመግባቷ በፊት እየመጣች፣ እያሳቀች ታጠጣት ነበር። ሽንቷ ቀላ ሲል ደንግጬ ወደ ሐኪም ቤት ስሮጥ፣ ነርሷ የመድኃኒቷ የሪፋምፒሲን ጠባይ መሆኑን አስረድታ መለሰችኝ። በሁለተኛው ወር እህል መጠየቅ ጀመረች፤ በአራተኛው የአንገቷ እብጠት ጠፋ፣ ቀሚሷም ጠበባት፤ ዛሬ ከሰፈር ልጆች ጋር ገመድ ስትዘል የሚጮኸውን ድምፅዋን እዚህ ሆኜ እሰማለሁ።

ቡና ለቃሚ እህቶቼ፣ ሁለት ሳምንት ካሳላችሁ አክታችሁን አስመርምሩ። ክረምትን አትጠብቁ። መድኃኒቱ ሲሻላችሁም አይቋረጥም። እናታችሁን ሐኪም ቤት የምታደርሱ ደግሞ፣ አድርሷትና ዝም በሉ። የሚያማት እሷን ነው።

ሐኪሙን፣ ነርሷን፣ ዘሃራን አመሰግናለሁ። እናቴን ግን በሕይወት እያለች አላመሰገንኳትም፤ ተቆጥቻት ነው የሞተችው። ሐኪሙ «ሕፃን አለ?» ባለን ቀንም እኔ ቀድሜያት ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ የማለቅሰው ሁለት መቃብር ላይ ነበር።