የወንድሜ የውሃ ደብተር

ልጆቹ «ያን የይፋግ መንገድ ይንገሩን» እያሉ ስለጎተጎቱኝ ነው። እኔ አወራለሁ፣ የልጅ ልጄ ሃይማኖት ትጽፋለች። ፊደል አልቆጠርሁም፤ እግሬ ግን ብዙ አገር ቆጥሯል።

ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ባሕር ዳር

ሃይማኖት ፔዳ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ነው የምትሠራው። በጣና ዙሪያ የተበተነውን የድሮ የውሃ ልክ እየለቀመች ኮምፒውተር ውስጥ ታስገባለች፤ ቤት የሚሠራም ሩዝ የሚዘራም ውሃው እስከየት እንደሚመጣ ፈልጎ እንዲያገኘው። የይፋግ በኩሉ ግን የለም። የለካው ሟቹ ወንድሜ ደስታ ነበር፤ ለውሃ መሥሪያ ቤቱ የሰጠው ቅጂ ጠፍቷል። የቀረው አንድ ደብተር ነው፣ እሱም በሚስቱ በጥሩወርቅ እጅ። ለማንም አሳይታ አታውቅም።

ሚኒባሱ ጭጋጉን እየቀደደ ይሄዳል። ሾፌሩ በመስታወት አየኝ።

«ወዴት ነው እማማ?»

«ጣና የተቆጠረበት ደብተር ልናመጣ።»

«ጣናን ቆጥሮ የጨረሰ አለ?»

«ወንድሜ ሲቆጥረው ወሰደው» አልሁት።

አምስት ሰዓት፣ ዳርቻው

ይፋግ ላይ ሻይ በዳቦ ቀምሰን፣ በባጃጅ እስከ መንገዱ ጫፍ፣ ከዚያ በእግር። ነፋስ የለም፤ ደንገሉ ግን ይወዛወዛል። ቁጥር ያለበት የብረት ዘንግ ውሃው ውስጥ ብቻውን ቆሟል። ደስታ ጧትና ማታ በታንኳ እየቀረበ ያነበው፣ የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ነውና በግእዝ ቁጥር ይጽፈው ነበር። አንድ ክረምት ታንኳው ባዶውን ተመለሰ። ሬሳው አልተገኘም።

ጥሩወርቅ ቤት ገባን፤ ግድግዳው ላይ የዚያ ክረምት የውሃ መሥመር ከደረቴ በላይ ይታያል። አላስለሰነችውም። ደብተሩ በላስቲክ ተጠቅልሎ የወፍጮ መጅ ተጭኖበታል።

«ድንጋዩ ለምንድን ነው?» አልኋት።

«ውሃው እንዳይነሣ ነው፣ እቴ።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እሱ ከፍ አድርጎ ሲጽፍ ውሃው ከፍ ይላል። የግእዝ ቁጥር ብቻ የሞላበት ደብተር ድግምት መሆኑን አገሩ ሁሉ ያውቃል። ባይጽፍ ባልመጣ።»

«እትዬ፣ ውሃው ነው ቀድሞ የመጣው፤ እሳቸው ተከትለው ጻፉ» አለች ሃይማኖት።

«አብረሽን ነበርሽ?»

«አልነበርሁም።»

«ምን ልታደርጊው ነው?»

«ሰው ሁሉ ካለበት ሆኖ እንዲያየው አወጣዋለሁ።»

«የኔን ቤት የወሰደውን ለአገር ልታድይው?»

ሃይማኖት ጎንበስ ብላ በላስቲኩ ውስጥ አየችው። የደብተሩ ዳር ሻግቷል፤ አንድ ክረምት ቢጨመርበት አፈር ነው።

«ጥሩዬ» አልሁ፣ «ደስታን አዝዬ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ሬሳውን አጣን። የእጁ ጽሑፍም ይጥፋ?»

ጥሩወርቅ መጁን አነሣችው። የመጨረሻዋን ቅጠል በመዳፏ ሸፍና «ይችን አትንኩ» አለች።

ሃይማኖት በስልኳ ቅጠል በቅጠል ፎቶ ታነሣለች። ጥሩወርቅ ቅጠል በተገለጠ ቁጥር ወደ በሩ ታያለች። እኔም ሳላውቀው አየሁ። ደጁ ደረቅ ነው።

አሥራ አንድ ሰዓት፣ ወደ ቤት

ደብተሩን እዚያው ትተን፣ ልኩን በስልክ ይዘን ተመለስን። ሃይማኖት አንዲቷ ቅጠል እንደጎደለች ጽፋ ሌላውን ለሰው ሁሉ ከፈተችው።

ከዓመታት በኋላ ጥሩወርቅ ስታርፍ ደብተሩ ለኔ መጣ። ያችን ቅጠል ሃይማኖት ገለጠቻት። ደስታ ከጠፋ ወዲህ ያሉ ሰባት ቀናት ተጽፈውባታል፤ ባሏ ሲጽፍ እያየች ቁጥር በለመደች ሴት ጠማማ እጅ። ቁጥሩ በየቀኑ ያንሳል፤ ውሃው ጎድሎ ባሏን እንዲመልስላት። ሃይማኖት ከወዲያኛው ዳርቻ ያገኘችውን መዝገብ አጠገቡ አድርጋ አየችው። በነዚያ ሰባት ቀናት ጣና ይሞላ ነበር።