እንስላል የሚሸተው የጎማ ትል

በደርግ ጊዜ አንድ ክረምት አባቴ በፍልሰታ ጾም ታመሙ። ቄስ ነበሩ። ደብረ ታቦር ያሳየናቸው ሐኪም፣ ጠንከር ያለ ምግብ ካልበሉ መድኃኒቱ ራሱ እንደሚጎዳቸው ነገረን። ስንቱን በሽተኛ ከጾም ያሳረፉ ሰው ለራሳቸው ሲሆን እምቢ አሉ። ሽሮውን ቀመስ አድርገው ይገፉታል። ቀሚሳቸው በየቀኑ እየሰፋቸው ሄደ።

ዓሣ በጾም ይበላል የሚሉ አሉ፤ አይበላም የሚሉም አሉ። አባቴ ከሚፈቅዱት ወገን ነበሩ፤ ነገር ግን በመረብ የተያዘውን ብቻ ነበር የሚበሉት። በመንጠቆ የተያዘውን «ትል በአፉ ይዞ የሞተ» ብለው አይነኩትም። በነሐሴ ደግሞ ርብ ወንዝ ሞልቶ መረብ አይጣልበትም።

ወንድሜ ይፋግ አካባቢ የእርሻ ባለሙያ ነበር። ውጭ አገር ተምሮ ሲመለስ መንጠቆ ላይ የሚሰካ አንድ ቆርቆሮ የጎማ ትል ይዞ መጥቶ ነበር። የአባቴን ነገር ሲሰማ ቆርቆሮውን ይዞ ደብረ ታቦር መጣና አንዱን ትል መዳፋቸው ላይ አኖረው። መልኩ የወይን ጠጅ ነው። መዳፋቸውን ዘንበል ቀና ሲያደርጉት ጅራቱ አብሮ ይርገበገባል።

«ይኼ ጓድ ደግሞ ከየት መጣ?» አሉ።

«ጎማ ነው አባዬ። ነፍስ የለውም፣ አያረክስም። በዚህ ብይዝልዎት ይበላሉ?»

አሸተቱት። «እንስላል እንስላል ይላል።»

«ዓሣው እንዲወደው ብለው ነው።»

ድሮ ከደረቅ ጎማ ይሠራ እንደነበር፣ ዓሣውም ነክሶ ይተፋው እንደነበር ወንድሜ አጫወተን። በኋላ አንድ የውጭ አገር ባልና ሚስት በማጀታቸው ፕላስቲክ ከዘይትና ከቀለም ጋር አቅልጠው፣ ከእውነተኛ ትል በወሰዱት ቅርጽ ይህን ለስላሳውን አወጡ። አባቴ እያዳመጡ ትሉን በጣታቸው ያሻሹት ነበር። እኔም ተቀብዬ ጫን አደረግሁት። ከእጅ ለመመለስ የሚያሳሳ ነገር ነው።

«እንግዲህ ሞክር» አሉት።

በማግስቱ ከመሥሪያ ቤቱ ስብሰባ በኋላ ወንድሜ ትልቅ ዓሣ በእርጥብ ሣር ጠቅልሎ መጣ። በዘይት ሠርቼ አቀረብሁ። አባቴ እጃቸውን ታጥበው ባረኩና ቆም አሉ።

«ወዲያው ዋጠው?»

«እስከ ጉሮሮው! ምኑን አውቆ!»

ሳህኑን ገፉት። «አልበላም።»

«ደግሞ ምን ሆነ?»

«በትል የተያዘው ቢያንስ ትሉን ቀምሷል። ይኼን ግን በባዶ ነው የጠራኸው። ድግስ አለ ብሎ ጠርቶ እደጅ ማረድ ማለት ነው። ያውም በጾም!»

ወንድሜ ብድግ አለ። «በመረብ አልሆነ፣ በትል አልሆነ፣ በጎማ አልሆነ! በጸሎት ልጥራው?»

«አንተማ ጸሎቱን ከረሳኸው ቆየህ። ይልቅ ከጓሮ ትል ቆፍር።»

እርስ በርስ ተያየን። ያን ሁሉ ዘመን የተጸየፉትን ትል ነው አምጣ የሚሉን። ሥርዓት ይሁን ርኅራኄ፣ ወይስ ረሃቡ በርትቶባቸው በራሳቸው እጅ የሚከፍቱት በር ሲፈልጉ ቆይተው እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። አልጠየቅኋቸውም። ሰው ሊበላ ሲል ነገር አይጠየቅም።

ወንድሜ በጭቃው ውስጥ ሲቆፍር አመሸ። በማግስቱ ማታ ያመጣው ዓሣ ከመጀመሪያው ያነሰ ነበር፤ ጭንቅላቱን ማጀት ትቼ አቀረብሁ። አባቴ ባርከው ጀመሩ፤ ቀስ ብለው፣ አጥንቱን ከሳህኑ ዳር እየደረደሩ። እኔ ማጀት ገብቼ ቆምሁ፤ ዓይናቸው ላይ መቆም አልፈለግሁም።

ትንሽ ቆይተው ተጣሩ።

«አንቺ፣ ጭንቅላቱን ለማን ነው ያስቀመጥሽው?»