ከከንፈር ላይ የጠፋችው ነጥብ

ጽፌ አላውቅም፤ ከተሳሳትኩ ይቅርታ። ስለ አንዲት ዶክተር ላወራችሁ ነው። እሷ ኦፕራሲዮን በምታደርግበት ክፍል ጽዳት ነኝ፤ የማውቃት ወለል እየወለወልኩ ነው። ነርሶቹ ከኋላዋ «ወይዘሮ ቆይ» ይሏታል። ቢላ ከማንሳቷ በፊት አስሬ «ቆይ» ስለምትል ነው። እሷም ሰምታለች። «በቆይ የተበላሸ ከንፈር እስካሁን አላየሁም» ትላለች።

የወንድሜ ልጅ ከንፈሯ በግራ በኩል እስከ አፍንጫዋ ተሰንጥቆ ነው የተወለደችው። እናቷ ሰው በመጣ ቁጥር ፊቷን በሻርፕ ትሸፍናት ነበር። ክብደቷ ሲሞላ ቀጠሮ ተያዘላት። እኔም ልግባ ብዬ ዶክተሯን ለመንኳት።

«አክስት ሆነሽ ነው ጽዳት ሆነሽ?»

«ሁለቱንም።»

«እንግዲያው ጽዳቷ ትግባ፣ አክስቷ ውጪ ትጠብቅ።»

ልጅቷ በማደንዘዣ ተኛች። ዶክተሯ በብዕር ከንፈሯ ላይ ነጥብ ማድረግ ጀመረች። መጀመሪያ የላይኛው ከንፈር መሀል ላይ ዝቅ የምትለዋን ቦታ። ከዚያ በደህናው በኩል ከፍ የምትለዋን። በሁለቱ መሀል ያለውን ለካችና ያንኑ ያህል ወደ ስንጥቁ ወስዳ ሌላ ነጥብ አደረገች። «እኔ ከንፈር አልፈጥርም፤ ደህናው ወገን ነው የሚነግረኝ» አለች። የመጨረሻዋ ነጥብ ከስንጥቁ ማዶ ናት። ቀዩ ከንፈርና ቆዳው የሚገናኙበት ነጣ ያለች ቀጭን ጠርዝ አለች አይደል? እሷ ልትጠፋ ስትል ያለችው ቦታ ናት። በስንጥቁ ወዲህና ወዲያ ያሉት ነጥቦች ሲሰፉ ካልገጠሙ ከንፈሩ ደረጃ ያወጣል። ሰው መጀመሪያ የሚያየው ያንን ነው፣ ዕድሜ ልክ።

ነጥቦቹ እንዳይጠፉ መርፌ ሰማያዊ ቀለም ውስጥ እየነከረች ትወጋቸዋለች። እየወጋች የመጨረሻዋ ጋ ስትደርስ ማደንዘዣ ሰጪው «ትንፋሿ! ትንፋሿ!» ብሎ ጮኸ። ሁሉም ወደ ልጅቷ ደረት ዞረ። እሱ የመተንፈሻ ቱቦዋን አስተካከለ፣ ተነፈሰች። እኛም ተነፈስን። ዶክተሯ ተመልሳ የደም መፍሰስ የሚቀንሰውን መርፌ ከንፈሯን ወጋቻት። አዲሷ ነርስ አፏን በመድኃኒት ጠረገች። ያልተወጋችው ነጥብ አብራ ተጠረገች።

ከንፈሩ በመርፌው አብጦ ነጭ ሆኗል። ያቺ ጠርዝም የለችም።

«ዶክተር፣ እኔ እኮ... የተወጋች መስሎኝ» አለች ነርሷ።

«የዘለልኳት እኔ ነኝ። አንቺ ሥራሽን ነው የሠራሽው።»

«በግምት አድርጊያት» አለ ማደንዘዣ ሰጪው። «የዝንብ እግር ለምታህል ነገር!»

«ያንተ አፍንጫ ሥር ብትሆን ግምት ትለኝ ነበር?»

ማደንዘዣ ሰጪው ሰዓቱን አየ።

«እንግዲህ ወይ ቁረጪ ወይ ላነቃት ነው። በከንቱ አላስተኛትም።»

«ትንሽ ታገሠኝ። ካላገኘኋት ሳልነካት ትወጣለች፤ ሌላ ቀን እንመለሳለን።»

እናቷ ኮሪደር ላይ ናት። ልጇ ሳትሰፋ እንደገባች ብትወጣ ምን ልላት ነው? ውስጤ «ቁረጪ በቃ!» ይላል።

ዶክተሯ እብጠቱን በፋሻ ቀስ አድርጋ ተጫነችው። ቆመን ጠበቅን። ከዚያ «ትልቁን መብራት አጥፊልኝ» አለችኝ። «ባትሪ ያዢና አብሪ። ከላይ አይደለም፣ ከጎን።»

አበራሁ። ብርሃኑ ከላይ አረፈባት።

«ዝቅ አድርጊው።»

እስከ ጉንጯ አወረድኩት። ከጎን ሲበራ ትንሿም ከፍታ ጥላ ትጥላለች ለካ። እንደ ክር የቀጠነች ጠርዝ ብቅ አለች። እየሳሳች ሄደችና አንድ ቦታ ላይ ጠፋች። ዶክተሯ አጎነበሰች፣ ለካች፣ «ቆይ» አለች፣ ደግማ ለካች። ወጋቻት።

ትልቁን መብራት መልሼ አበራሁ። ከዚያ በኋላ ነው የቆረጠችው። ሽቅብ ወደ አፍንጫው ሥር ተጣብቆ የነበረውን ጡንቻ አላቅቃ ወደ ታች መለሰችው፣ ከወዲያኛው ጋር ሰፋችው። «ልጅ ሲጠባም ሲስቅም ከንፈሩን የሚጎትተው ይሄ ነው» አለቻት ለነርሷ። ቆዳው ላይ የመጀመሪያዋን ስፌት በሁለቱ ነጥቦች ላይ አደረገች። ክሩን ሳበችው። ጠርዟ ከጠርዟ ገጠመች።

ልጅቷ ዛሬ አፏን ሞልታ ትሳደባለች፤ እኔንም ጭምር።

ዶክተሯን አንድ ነገር ይከፋታል። «የዳነ ሰው አይመለስም» ትላለች። «ስፌቴ ከልጁ ጋር ሲያድግ ምን እንደሚመስል ማን ያሳየኝ?» ስለዚህ እሷ የሰፋቻችሁ፣ ልጅ ያሰፋችሁ፣ እባካችሁ ሂዱላት። ልጃችሁን በሻርፕ የምትሸፍኑም ሂዱ። ክፍሏ ከሆስፒታላችን መድኃኒት ቤት ጎን ነው፣ ጠባቧ። ግቡና ከንፈራችሁን አሳዩዋት።