ከበሩ ጀርባ ያሉት ሁለት ጀሪካኖች

ሐሙስ ነበር፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አለፍ ብሎ። ዛሬም ከሥራ ስወጣ በቆቦ ጋራዦች በኩል ካለፍኩና መካኒክ ከመኪና ሥር ዘይት ሲያፈስ ከደረስኩ ያ ሐሙስ ተመልሶ ይመጣል። ትኩስ ዘይት፣ አቧራ፣ ፀሐይ የጠበሰው ፕላስቲክ። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይዞ ያልፋል፤ እኔ እርምጃዬን እቀንሳለሁ። ከዚያ የሚያየኝ ሰው እንዳለ ዞር ዞር ብዬ አይቼ መንገዴን እቀጥላለሁ።

ያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ግቢው ተዘግቶ ወደየቤታችን ተበትነናል። መንገዱ አንድ ቀን ተከፈተ ሲባል በማግስቱ ይዘጋል። ሚኒባሶቹ ቆመዋል፣ የሱቆቹ መደርደሪያ ባዶ ነው፣ አዲስ የሞተር ዘይት የሚባል ነገር ከከተማው ከጠፋ ቆይቷል። አባቴ የሚተዳደረው በዕድሜ ከእኔ በምትበልጥ አንዲት ፒካፕ ነበር። ከቆላው የመስኖ እርሻ ሽንኩርትና ቲማቲም ይጭንባታል። ዘይት ትጠጣለች፤ ስትነሳ ሰማያዊ ጭስ ትለቃለች። የአባቴ የልጅነት ጓደኛ የሆነው መካኒክ፣ "ይቺን መኪና ለመፈለግ ስልክ አያስፈልግም፤ ቀና ብሎ ሰማዩን ማየት ነው" ይል ነበር።

ዘይቱን ያገኘነው ከአጎቴ ነው፣ ከእናቴ ወንድም። ለሚኒባሱ አዲስ ዘይት ሞልቶ ገና ብዙም ሳይነዳው ሞተሩ ተበላሸና መከፈት ነበረበት። መካኒኩ ዘይቱን ሲያወርደው አልጠቆረም። "ይሄ እኮ ማር ነው፤ ማር ይደፋል እንዴ?" ብሎ አባቴን አስጠራው። አጎቴም የሚኒባሱ መለዋወጫ መንገዱ ካልተከፈተ እንደማይመጣ ስላወቀ ዘይቱን ለእኛ ሰጠ። ሲሰጠንም እንዲሁ አልሰጠንም። ፒካፗን እያየ፣ "በቃ፣ ጎረምሳውን ለአሮጊት ዳርኩት" ብሎ ሳቀ።

አባቴ ዘይቱን በእናቴ አሮጌ ነጠላ አጠለለው። ነጠላውን በአራት አጥፎ በጀሪካኑ አፍ ላይ ዘረጋው፤ ጫፎቹን እኔ ያዝኩለት። ፀሐዩ በጎን እየመታው ዘይቱ እንደ ክር ቀጥኖ ይወርዳል። እጄ ሲዝል ያውቃል። "አብሽሪ" ይለኛል፣ "ቀስ ነው። ዘይት እንደ ሰው ነው፣ ካላረፈ አይጠራም።" ካጠለለው በኋላም ወዲያው መኪናዋ ላይ አይጨምረውም። ዝቃጩ ወደ ታች እንዲወርድ ሳይነካ ያስቀምጠዋል፤ ከዚያ ላይ ላዩን ብቻ ይቀዳል። ሌሎቹ ሹፌሮች ይስቁበት ነበር። እሱ ግን መኪናዋን በዚህ ዓይነት ነው እስከዚያ ዕድሜዋ ያደረሳት።

ከዕቃ ቤቱ በር ጀርባ ሁልጊዜ ሁለት ጀሪካን ይቀመጥ ነበር፤ ሁለቱም የምግብ ዘይት የመጣባቸው ቢጫ ጀሪካኖች። በስተግራ ያለው የተቃጠለው ዘይት ነው፣ ከመኪናዋ የወረደው። እሱ የእኛ አልነበረም ማለት ይቻላል። ጎረቤት የአጥሩን እንጨት ምስጥ እንዳይበላበት ይቀባዋል፤ ከበረሃ የሚወጡ አፋሮች ደግሞ እከክ ለያዛት ግመል ይወስዱታል። ለጠየቀ ሁሉ ይሰጣል፣ እንደ ውሃ አይከለከልም። በስተቀኝ ያለው ንጹሑ ነው። በዚያ ሳምንት ግን አባቴ ቦታቸውን አቀያየራቸው፤ በስተግራ ያለው ወለል ደልደል ያለ ስለሆነ የተጠለለው ዘይት እዚያ ቢያርፍ ይሻላል ብሎ። ለእናቴ አልነገራትም። ምን ብሎ ይነግራታል? ፕላስቲኩ ውስጡን ያሳያል። አንዱ ማር፣ አንዱ ከሰል፤ ሕፃን በር ላይ ቆሞ ይለየዋል።

ያ ሁሉ ዝግጅት ለእናቴ ነበር። ዓይኗ እየደከመ ነው። እሷ "ጉም ብጤ ነው" ትላለች፤ መርፌ ላይ ክር ስሰካላት ትሰፋለች፣ ሌላ ነገር አትጠይቅም። ወልድያ የዓይን ሐኪሞች መጥተው ሞራ እንደሚገፍፉ በጁምዓ ተነገረ፤ የሚቆዩትም እስከ ተከታዩ ሳምንት ቅዳሜ ብቻ ነው። አባቴ ከዚህም ከዚያም ናፍጣ አጠራቀመ። ረቡዕ የመኪናዋን ጥቁር ዘይት አወረደ፤ ዓርብ ንጹሑን ሊሞላላት፣ ቅዳሜ ማለዳ እናቴን ሊወስድ።

ሐሙስ፣ እንዳልኩሽ ዘጠኝ ሰዓት አለፍ ሲል፣ አንድ አፋር ግመለኛ ከአጥራችን ውጭ ቆሞ ሰላምታ ሰጠ። አባቴ አልነበረም፤ እናቴ ወጣች። እኔ እንግዳ ሲመጣ ከመጋረጃ ጀርባ የምቀር ልጅ ነኝ፤ ድምፃቸውን ብቻ እሰማለሁ።

"እናቴ፣ ግመሏ ልትሞትብኝ ነው። በእንጨት ስትታከክ ጎኗ ተላጠ።"

"የምትታለብ ናት?"

"ልጆቼ የሚጠጡት የእሷን ነው።"

"እንግዲያ ቆየኝ ወንድሜ።"

የዕቃ ቤቱ በር ሲጮህ፣ ጀሪካን ወለሉን እየፋቀ ሲወጣ ሰማሁ። "ቢስሚላህ፣ ሁሉንም ውሰደው። ጀሪካኑን ስትመለስ ታመጣዋለህ። አላህ አፊያዋን ይመልስላት።" የግመሏ ኮቴ እየራቀ ሄደ። እኔም ንባቤን ቀጠልኩ።

አባቴ የተመለሰው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። ወደ ዕቃ ቤቱ ገብቶ ቆየ። እዚያው ሲቀርብኝ ወጣሁ። የቀረውን ጀሪካን ወደ ደጅ አውጥቶ ብርሃን ላይ አቁሞታል።

"እስኪ ነይ" አላት እናቴን። "ይሄ የትኛው ነው?"

እናቴ ፈገግ አለች። "ወንድሜ የሰጠን ነዋ። ጥቁሩን ለግመለኛ ሰጠሁት።"

"ቀለሙስ? ጠርቷል?"

ዓይኗን በእጇ ከፀሐዩ ከልላ ጎንበስ አለች። ረጅም ጊዜ አየችው። "ማሻ አላህ" አለች። "ጥርት ብሏል። ማር ነው የሚመስለው።"

ጀሪካኑ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ነበር።

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። ምንም እንዳልናገር በዓይኑ ለመነኝ። "አዎ፣ ጠርቷል" አላት። እናቴ ግን የደከመው ዓይኗ እንጂ ጆሮዋ አልነበረም። ቀስ ብላ የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠች።

"የቱን ነው የሰጠሁት?" አለች።

"ቦታ የቀየርኩት እኔ ነኝ" አለ አባቴ።

ያን ቀን ነው ያወቅነው። ቤቱን በዓይኗ ሳይሆን በቦታው ነበር የምታየው። ጨው የት እንዳለ፣ ደረጃው የት እንደሚያልቅ፣ እኔ የት እንደምቀመጥ በልቧ ይዛ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ እንኳ ሳታስታውቀን ስትኖር ነበር።

ዓርብ ጠዋት አጎቴ መጥቶ ግመለኛውን ተከትሎ ማስመለስ ነው አለ። "የሰጠሁትን?" አለችው እናቴ። "ልጆቹ እየጠበቁት? አላደርገውም።" ደግሞም ሰውየው በረሃ ከወረደ ቆይቷል። ሌላ መኪና የጠየቅናቸው ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። አባቴ ጥቁሩን ዘይት በዚያው ነጠላ እንደገና አጠለለው። ጫፎቹን ያዝኩለት። ጥቁር ገብቶ ጥቁር ወጣ። ያን ቀን "አብሽሪ" አላለኝም፤ ዘይቱም የሚያርፍበት ጊዜ አልነበረውም። መካኒኩ ጠብታውን በሁለት ጣቱ አሽቶ አየው። "ይሄ ዘይት አይደለም፣ ጥላሸት ነው" አለ። "እስከ ጎብዬ እንኳ ካደረሰህ ለእኔም ዱዓ አድርግልኝ።"

አባቴ ያንኑ ሞላባት፤ ቅዳሜ ከዞብል ተራራ በስተጀርባ ሲነጋጋ ተነሳን። ሦስታችን ጋቢና ውስጥ ተጠጋግተን፣ እናቴ መሀል። አሁን የምትደብቀው ነገር ስላልነበራት ጠየቀችኝ።

"ምን ይታያል?"

"ማሽላው።"

"አፍርቷል?"

"አፍርቷል እማ። ወፍ የሚጠብቁት ማማው ላይ ወጥተዋል።"

"እ፣ ጩኸታቸውንስ ሰምቻለሁ" አለች። ሮቢትን ካለፍን በኋላ መጀመሪያ የሰማችው እሷ ናት። "አንተ፣ ውስጧ የሆነ ነገር ይመታል።" አባቴ ፍጥነቱን ቀነሰ። እሱም ሰምቷል። ድምፁ በመዶሻ እንደሚመታ ብረት እየጎላ ሄደ፤ ጎብዬ መግቢያ ላይ አንዲት ሻይ ቤት ፊት ለፊት ሞተሩ አንዴ ጮኸና ተጣብቆ ቀረ። ኮፈኑን ሲከፍተው ጭሱ ፊቱን ሸፈነው። የሻይ ቤቱ ባለቤት ወጥታ፣ "ቤት የተቃጠለ መስሎን ውሃ ልንቀዳ ነበር እኮ" አለች። አባቴ ሳቀ። ያን ቀን የሳቀው ያኔ ብቻ ነው። መኪናዋን እንድትጠብቅለት አደራ ሰጣት፤ እኛም ሽንኩርት የጫነ መኪና ከኋላ አሳፍሮን ወልድያ ገባን።

ሐኪሙ ወጣት ነበር፣ ድካም ያጎበጠው። የእናቴን ዓይን በትንሽ መብራት አየ፤ ደግሞ አየ። ከዚያ መብራቱን አጠፋው።

"ሞራ አይደለም" አለ። "የዓይን ግፊት ነው። ነርቩን ጨርሶታል፤ የምንገፍፈው ነገር የለም።"

"መኪና ተበላሽቶብን ነው የዘገየነው" አለ አባቴ። "በጠዋት ብንደርስ ኖሮስ?"

"የዛሬ ጠዋት ጉዳይ አይደለም አባት። ከዓመታት በፊት ነበር።"

አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠው። ያ ሁሉ ማጥለል፣ ያ ናፍጣ፣ መኪናዋ፤ ማሩ ዘይት በቦታው ቢኖር እንኳ ለውጥ አልነበረውም። ይህን ማወቅ ሰውን ያሳርፋል ብለሽ ታስቢ ይሆናል። አባቴን አላሳረፈውም። እናቴ ከወንበሩ ስትነሳ መጀመሪያ የጠየቀችው፣ "መኪናዋስ እንዴት ትሆናለች?" ብላ ነው።

መኪናዋ ዛሬም ጎብዬ ናት። ጎማዎቿ ተፈትተዋል፣ ጋቢናዋ ውስጥ የሻይ ቤቷ ዶሮዎች ያድራሉ። አባቴ በዚያ ሲያልፍ ወደ ሌላው ጎን ያያል፤ አሁን የሚሠራው በሰው መኪና ላይ በረዳትነት ነው። ግመለኛውም ከወራት በኋላ ጀሪካኑን መለሰ፣ አደራ አይበላም። ግመሏን ስንጠይቀው አንገቱን ደፋ። "ያ ዘይት ቀጭን ነበር" አለ እንደ ማፈር ብሎ፣ "ቆዳዋ ላይ አልቆየም። ጥቁሩ ነበር የሚሻለው።" እናቴ ሳቋን መያዝ አልቻለችም። እሱ ምኑ እንዳሳቃት አልገባውም፣ እኛም አልነገርነው።

ያን ቅዳሜ ማታ ቤት የገባነው በሌላ ጭነት መኪና ነው። በማግስቱ ጠዋት አባቴ መካኒኩን ይዞ ወደ ጎብዬ የሚያደርሰው መኪና ፍለጋ ወጣ። እኔ ዘይቱ የተጠለለበትን ነጠላ አወጣሁና በሳሙና አጠብኩት። ደጋግሜ አጠብኩት፤ ጥቁሩ አልለቀቀም። ሲደርቅ ጠርዙን በጥርሴ ጀምሬ ቀደድኩት፣ ረጃጅም ቅዳጅም አደረግኩት። በላምባው ጀሪካን እጀታ ላይ አንድ ቋጠሮ አሰርኩ፣ በምግብ ዘይቱ ላይ ሁለት፣ በውሃው ላይ ሦስት። ከዚያ እናቴን እጇን ይዤ ወደ ዕቃ ቤቱ አስገባኋት።

ጣቶቿ ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ ዳሰሱ። ምንም አላስረዳኋትም፤ እያሸተተች ራሷ ለየቻቸው። በመጨረሻ ከበሩ ጀርባ ወዳለው ደረሰች።

"ይሄኛው ቋጠሮ የለውም" አለች።

"ባዶ ነው እማ። የመኪናው ዘይት የነበረበት ነው።"

እጀታውን ይዛ ወደ እኔ ዞረች።

"ለእሱም እሰሪለት" አለች። "አባትሽ ሌላ ዘይት ሲያመጣ እንዳልሳሳት።"

የቀረችውን ቅዳጅ ወስጄ አጥብቄ አሰርኩለት።