«አሁንስ ነካሁሽ?»

ይህ የአያቴ ጥያቄ ሲጀመር አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ዳባት ከተማ ካለው ቤታችን ተከራይቶ የነበረ መምህር ትቶት የሄደውን የሳይንስ መጽሐፍ እንደጨረስኩ ሮጬ ለአያቴ ነገርኳቸው።

«አባብዬ፣ ሁሉም ነገር የተሠራው ከአቶም ነው። አቶም መሃሉ ላይ ትንሽዬ ፍሬ አለችው፤ ዙሪያዋን ኤሌክትሮኖች አሉ፤ የቀረው ባዶ ነው። ሁለት ነገር ሲቀራረብ ኤሌክትሮኖቹ ይገፋፋሉ እንጂ አይነካኩም።»

«እንዲያ ከሆነ ይህን ሁሉ ዘመን መስቀል የተሳለምኩት ሳልነካው ነው?»

«አዎ።»

«በሬው እግሬን ሲረግጠኝስ?»

«ገፋዎት እንጂ አልነካዎትም።»

«እስቲ ይህን ለእግሬ ንገሪልኝ!» ብለው ሳቁ።

ከዚያ ወዲህ ሰላም ባሉኝ ቁጥር እጄን ጨብጠው «ነካሁሽ?» ይላሉ። «አልነኩኝም» እላለሁ። ጠበቅ ያደርጉና «አሁንስ?» ይሉኛል። ስንት ዓመት እንዲህ ተጫወትን።

ባለፈው ክረምት ታመው ተኙ። ዓይናቸው ማየት ካቆመ በኋላ አንድ ቀን እጄን በዳበሳ ፈልገው ያዙና «ነካሁሽ?» አሉኝ። አፌ እንደለመደው «አልነኩኝም» አልኩ። «አሁንስ?» እስኪሉኝ ጠበቅኩ። አላሉም፤ በዚያው አረፉ።

ያን ቀን የጠየቁኝ ለጨዋታ ይሁን ከልባቸው፣ አላውቅም። ዛሬም የሰው እጅ ስጨብጥ ቶሎ አልለቅም፤ «አሁንስ?» የሚል ድምፃቸውን እጠብቃለሁ። ቢመጣ «ነክተውኛል» ልል ነው።

አክስቴ አልጋው አጠገብ ሆና ሁሉን ሰምታለች። አንድም ቀን ነገሩን አንስታብኝ አታውቅም። ያን ዕለት እጃቸውን ከእጄ ቀስ አድርጋ አላቀቀችና ጋቢው ውስጥ አስገባችው። ከዚያ የንስሐ አባታቸውን ልትጠራ ወጣች።